የተወተፈው መስኮት

«ታዲያ ኩባያው ምን ሠራ?»

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የአክስቴ ነው። እንጦጦ ላይ፣ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ጠየቁኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰዎች የሚፈልጉትን ፈልጌ በማግኘት ነው የምተዳደረው። የዚህችን ጥያቄ መልስ ግን የት መደርደሪያ ላይ እንደምፈልግ አላውቅም።

ነገሩ ከተፈጸመ ዓመታት አልፈዋል። የፈጀውም አንድ ከሰዓት በኋላና የማግስቱን ጠዋት ብቻ ነው። በዝግታ እነግራችኋለሁ፤ ቶሎ ብዬ ብናገረው ምንም ያልሆነ ይመስላልና።

ያን ጊዜ የምሠራው ሲግናል አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። የተወለድኩት እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው፤ እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደጉኝ የአባቴ እህት፣ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። እኔ «እቴቴ» እላቸዋለሁ። የሰፈሩ ልጆች ደብተር ይዘው ሲወርዱ እኔ ከእቴቴ ጋር ድንችና ሽንኩርት እሸጥ ነበር። በኋላ የማታ ትምህርት ቤት ስገባ ከክፍሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ሆንኩ። አንዱ መምህር በመጀመሪያው ቀን፣ «እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?» ብሎኛል። ተማሪ መሆኔን ስነግረው ደነገጠና ወንበር አመጣልኝ። እንዲህ ሆኜ ተምሬ ስለሆነ ይመስለኛል መጽሐፍ ከቦታው ሲዛነፍ የማልወደው፣ ቃል ያለቦታው ሲገባ የሚያመኝ። ዘግይቶ የተገኘ ነገር ያሳሳል።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ሲግናል ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወደ እንጦጦ እወጣለሁ፤ ከእቴቴ ጋር አድሬ፣ እሁድ ቅዳሴ ሰምቼ እወርዳለሁ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ የምንተኛውም በአንድ አልጋ ላይ ነው። ቤቷ አንድ መስኮት አላት። አላት ከማለት ነበራት ማለት ይቀላል፤ የእንጦጦ ብርድ እንዳይገባ በአሮጌ ልብስና በፌስታል ተወትፎ መስኮትነቱ ቀርቷል። እኔ በማድርበት ቀን ደግሞ እቴቴ የበሩን ስር ሳይቀር በጨርቅ ይደፍኑታል። «ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ» ይላሉ።

ሌላም ነገር ነበረ። የእቴቴ ኩባያ ለብቻው ነው። አፉ ዙሪያውን ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ኩባያ። ለብቻው ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ ለብቻው ይታጠባል፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይጠጣበትም። ማንኪያቸውም ሳህናቸውም እንዲሁ። በአንድ ትሪ ላይ አብረን በልተን አናውቅም። ጉርሻ ሰጥተውኝ አያውቁም፤ በዓመት በዓል እንኳ። የሰፈሩ ሰው «አስካለ ኩሩ ናት፣ ከሰው አትቀምስም» ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ንጽሕና የሚወዱ ሰው ናቸው ብዬ አስብ ነበር። በልጅነት ያገኙትን ነገር ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል?

ሳሉ የጀመረኝ ክረምቱ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልኩ። ቀጥዬ የመጽሐፍ አቧራ ነው አልኩ። እቴቴ ፌጦ በጥብጠው አጠጡኝ። ሌሊት ሌሊት ሲያልበኝ ብርድ ልብሱ ነው አልኩ፤ ቀሚሴ ሲሰፋኝ ጾሙ ነው አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ «ዘነቡ፣ እኔ በአንቺ ሳል ፊደል መምታት አቃተኝ፤ ታዪና ገላግይን» ስትለኝ እየሳቀች ስለነበር እኔም ስቄ ሄድኩ።

በየካ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ወደ አንዱ ነው የሄድኩት። አክታ ሰጠሁ። ውጤቱን ዓርብ ከቀትር በፊት ነይና ውሰጂ አሉኝ። ነርሷ ወጣት ናት፤ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ክፍሏ ውስጥ መስኮቶቹ በሙሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አስቀመጠችኝ።

«አክታሽ ላይ የቲቢ ባክቴሪያ ተገኝቷል» አለችኝ። «የሳንባ ነቀርሳ የሚሉት ነው። ይድናል። ሰማሽኝ? ይድናል።»

«ሰማሁ።»

«ደነገጥሽ?»

ራሴን አየሁት። አልደነገጥኩም። እጄ ላይ ያለውን ቦርሳ ማንገቻው ተፈትሎ ሊበጠስ እንደደረሰ አስተዋልኩ፤ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። «አልደነገጥኩም» አልኳት።

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ብቻዬን።»

«አብሮሽ የሚያድር ሰው የለም? ልሰልልሽ አይደለም፤ ለበሽታው ነው የምጠይቅሽ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቴ ጋ አድራለሁ። እንጦጦ።»

«ያስላቸዋል?»

«እንጦጦ ላይ የማያስለው ማን አለ?»

አልሳቀችም። «ከስተዋል?»

ነጠላቸውን ሲያጣፉ የትከሻቸው አጥንት ሲታይ ትዝ አለኝ። «በጾሙ ነው ብዬ ነው» አልኩ።

ሲስተሯ ብዕሯን አስቀመጠችና ረጋ ብላ አስረዳችኝ። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲዘምር ከአፉ የሚወጣው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ለሰዓታት ይቆያል። መስኮት መክፈት፣ ፀሐይ ማስገባት ትልቅ ነገር ነው። በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በልብስ አይተላለፍም፤ ዕቃ መለየት አያስፈልግም። ይህን ስትል አላስተዋልኩትም። ጆሮዬ ገብቶ የሆነ ቦታ ቁጭ አለ።

ሕክምናው ስድስት ወር ነው አለችኝ። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት ዓይነት። በየቀኑ መጥቼ ፊቷ እውጣለሁ። ሽንቴ ብርቱካንማ ይሆናል፤ እንዳልደነግጥ። በሁለት ሳምንት ገደማ ይሻለኛል፤ ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፉም ነገር በጣም ይቀንሳል።

«ችግሩ ያኔ ነው» አለች። «ሰው የሚያቋርጠው ሲሻለው ነው። ዳንኩ ይልና ይቀራል። በሽታው ግን አልሞተም፤ አድፍጦ ነው። ሲመለስ መድኃኒቱን ለምዶት ሊመለስ ይችላል። ሰው ፊት ዋጡ የምንለው ስለማናምናችሁ አይደለም፤ ስድስት ወር ለብቻ ረጅም ስለሆነ ነው።»

የመጀመሪያዎቹን ኪኒኖች እያየችኝ ዋጥኩ። የአፍ መሸፈኛ ሰጠችኝ።

«አክስትሽን ሰኞ እንዳትይኝ» አለችኝ በሩ ላይ። «ነገ ቅዳሜ እስከ ቀትር አለሁ። አምጫቸው።»

ሥራ ቦታ ስልክ ደውዬ አሞኛል አልኩ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ታክሲ እየቀያየርኩ ሽሮ ሜዳ ደረስኩና የእንጦጦውን ያዝኩ። መስኮት ዳር ተቀምጬ መስታወቱን ሳብኩት።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላዬ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «የኔ እመቤት፣ እሱን ብትዘጊው።»

«ትንሽ አየር ይግባ ብዬ ነው።»

«አየሩስ ይቅርብኝ። ብርድ ነው የሚገባው። ጎኔን አሞኛል።»

አጠገባቸው ያለ ጎረምሳ፣ «እህት፣ ኮሮና እኮ ሄዷል፤ ማስኩን አውልቂና መስኮቱን ዝጊ፤ ሁለታችንም እንገላገላለን» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። አንዱ ከፊት ሳይዞር፣ «ምች ነው የምታስመቺን» አለኝ።

ረዳቱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እናት፣ አንድ ላይ የምትሄዱት እኮ ለትንሽ ደቂቃ ነው፤ በመስኮት አትጣሉብኝ» አለ።

ሁሉም እያዩኝ ነበር። መስኮቱን ለምን እንደከፈትኩት ብነግራቸው ታክሲው በሙሉ ወርዶ ያልቅ ነበር። ካልነገርኳቸው ደግሞ መዝጋት ነበረብኝ። «ወራጅ አለ» አልኩ። ወረድኩ። የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት፤ እየሳልኩ፣ ባህር ዛፉን እየተደገፍኩ። ሲስተሯ ያለችኝን ለእቴቴ እንዴት እንደምነግራቸው ዐረፍተ ነገር ሠራሁ። አፈረስኩና ሌላ ሠራሁ። «ጤና ጣቢያ ነፃ ምርመራ አለ፤ ነገ አብረን እንሂድ» የምትለዋን መረጥኩ። ስለ ራሴ ምንም አልልም።

እቴቴ በር ላይ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ዓርብ ነው።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ? አፍሽንስ ምን ሆነሽ ነው የሸፈንሽው? ጥርስሽን ነው?»

«ብርዱ ነው።»

«ተባረኪ፤ እንዲህ ነው መጠንቀቅ» ብለው ተነሡና ወደ ቤት ገቡ። ተከተልኳቸው። በሩን ከኋላዬ ዘጉት። ዓይኔ ጨለማውን ለመደው። ከፔርሙሱ ለእኔ በብርጭቆ ሻይ ቀዱልኝ፤ ለራሳቸው ኩባያቸውን ከሚስማሩ አወረዱ። ሳላቸው መጣና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጥለው ሳሉ፤ ረጅም ነበር። እስኪጨርሱ አየኋቸው። ዕድሜዬን ሁሉ የሰማሁት ሳል ነው፤ አንዳንድ ዓመት ይጠፋል፣ አንዳንድ ዓመት ይመለሳል። ያን ቀን ገና የሰማሁት መሰለኝ።

ያዘጋጀኋት ዐረፍተ ነገር ጠፋችብኝ።

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር» አልኩ።

«ፌጦው አልሠራልሽም ማለት ነው።»

«ቲቢ ነው አሉኝ፣ እቴቴ። የሳንባ።»

ኩባያውን የያዘው እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። ያማትባሉ ብዬ ነበር፤ ወይም «በስመ አብ» ይላሉ ብዬ። እሳቸው ግን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«በእኔ ኩባያ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«በልጅነትሽስ? እኔ ሳላይሽ?»

«በልጅነቴማ ሚስማሩ ጋ አልደርስም ነበር።»

«ከደረስሽ በኋላስ?»

«ኧረ ጠጥቼ አላውቅም።»

«ማንኪያዬንስ? የተረፈኝን እንጀራስ? ሕፃን ልጅ ይርበዋል፤ ከሳህኔ ላይ ቆርሰሽ አልነበረም? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»

«የተረፈዎትን ለውሻ ነበር የሚሰጡት።»

«አዎ» አሉ። «ለውሻ ነበር የምሰጠው። ቆሜ ነበር የማበላው፣ አንቺ እንዳትደርሺበት።» ኩባያውን አገላብጠው አዩት፤ እንደ ከዳቸው ሰው። «ታዲያ ከየት መጣ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ጥያቄያቸው እየተደረደረ ሲመጣ፣ ዓመታት ሙሉ ጠባይ ነው ብዬ ያስቀመጥኩት ነገር ሁሉ ከቦታው እየተነሣ ሌላ ቦታ ገባ። ሚስማሩ። ለብቻው የሚታጠበው ሳህን። ያልተሰጠኝ ጉርሻ። ኩራት አልነበረም፤ ንጽሕናም አልነበረም። እቴቴ ምን እንደያዛቸው ያውቁ ነበር፤ እኔ ላይ እንዳይደርስ በሚያውቁት መንገድ ሁሉ ይከላከሉልኝ ነበር።

«እቴቴ» አልኩ። «በኩባያ አይደለም አሉ።»

«በምንድን ነው ታዲያ?»

«በትንፋሽ። ቤቱ ሲዘጋ አየሩ ላይ ይቀራል አሉ። መስኮት ካልተከፈተ።»

መጀመሪያ ወደ እኔ አዩ። ቀጥለው ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ወጡና ከመስኮቱ ላይ ፌስታሉን ነቀሉ። ከፌስታሉ ኋላ ጆንያ ነበር፤ ሳቡት። ከጆንያው ኋላ የአባቴ ካፖርት እጅጌ። ከእጅጌው ኋላ አረንጓዴ ሹራብ፣ የእኔ፣ ልጅ ሳለሁ የለበስኩት። አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ጣሏቸው። ብርሃን ገባ፤ ብርዱም ገባ። የግድግዳው ጭቃ፣ የአልጋችን ጉድጓድ፣ በልብሶቹ ላይ የተከመረው አቧራ በቀን ብርሃን ታየ።

ወርደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነበር።

«ታዲያ ኩባያው ምን ሠራ?» አሉ።

ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ሻይ ላይ አቧራ እየወረደ ነበር፤ እሱን አያለሁ።

ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እኔ እሳቸው ዘንድ በመጣሁ በዓመቱ ደም ተፍተዋል። ታች ወርደው ታዩ፤ መርፌም ኪኒንም ታዘዘላቸው። በየቀኑ እየወረዱ፣ እየወጡ ትንሽ ተከታተሉ። ሳሉ ሲተዋቸው፣ ሰውም «አስካለ ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትሄደው?» ማለት ሲጀምር ተዉት።

«ሐኪሞቹ ናቸው ዕቃ ለዩ ያሉዎት?»

«ማንም አላለኝም። እናቴ ስትታመም ቤተሰቡ ዕቃዋን ሲለይባት አይቻለሁ። በእኔስ ሰው ሳይለይብኝ ራሴ ለየሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ ብዬ።»

«ነገ አብረን እንወርዳለን» አልኩ። «ሲስተሯ እስከ ቀትር አለች።»

«እኔ አልሄድም።»

«እቴቴ፣ ያስልዎታል። ከስተዋል።»

«ጀምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ምን ብዬ እገባለሁ? ይቆጡኛል።»

«አይቆጡም። እኔን አልተቆጡኝም።»

«አንቺ ምን አቋረጥሽና? አንቺ መድኃኒትሽን ዋጪ። የእኔን ለማርያም ሰጥቻለሁ፤ ጸበሏን እጠጣለሁ፤ ይበቃኛል።»

«ጸበሉንም ይጠጡ። ኪኒኑንም ይዋጡ። የሚጣሉ አይደሉም።»

«አልሄድም አልኩሽ እኮ።»

ድምፃቸው ላይ ያለውን አውቀዋለሁ። እኔም ያለኝ እሱ ድምፅ ነው። ካልታከሙ ሊሞቱ ነው፤ ከመሞታቸው በፊት ደግሞ ጎረቤቱን፣ አብረዋቸው ጸበል የሚቀመጡትን ሊያዳርሱ ነው። ይህን ልላቸው አልቻልኩም። ያን ቀን ያዩት ሁሉ በቅቷቸዋል።

ተኝተን አላደርንም ማለት ይቀላል። እኔ መሬት ላይ መስኮቱ ስር፣ እሳቸው አልጋው ላይ። እሳቸው ቤት ለብቻዬ ስተኛ የመጀመሪያዬ ነው። መስኮቱን ማንም አልዘጋውም።

ሲነጋ ውሃ እያሞቁ፣ «ያን ኪኒን በየቀኑ ስትውጪ ማን ያይሻል?» አሉኝ።

«ሲስተሯ።»

«እሷ ምንሽ ናት?»

«ሥራዋ ነው።»

«ሥራዋ ነው» አሉ። «ስድስት ወር ሙሉ ዘመድ የሌለሽ ይመስል ባዕድ እያየሽ ልትውጪ?»

«እርስዎ እንጦጦ ሆነው እንዴት ያዩኛል?»

ውሃው ፈላ። ሲነሡ ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ አየሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑን። ኩባያቸውን ከሚስማሩ አወረዱና በፌስታል ጠቀለሉት። ጸበል ያለበትን ሃይላንድ ብብታቸው ስር ያዙ።

«አይሽ ዘንድ ነው የምወርደው» አሉ። «እኔን ከተቆጡኝ ግን ወጥቼ እመጣለሁ።»

ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር አስቀመጥኳቸው። መስታወቱን ራሳቸው ሳቡት። ብዙም ሳንሄድ ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ «እማማ፣ ኧረ ይዝጉት፤ ብርድ ነው» አሉ።

እቴቴ ዞረው አዩዋቸው። «አሮጊቷ እኔ። ዳር የተቀመጥኩት እኔ። ብርዱ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን። አንተ ምን ሆነህ ነው የምትንቀጠቀጠው?»

ታክሲው ሳቀ። መስኮቱ እስከ ሽሮ ሜዳ ተከፍቶ ወረደ።

ሲስተሯ ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እቴቴ ቀና ብለው፣ «ጀምሬ አቋርጫለሁ» አሉ። ለመነሣት እንዲመቻቸው የወንበሩን ክንድ ይዘዋል።

«እንኳን መጡ» አለች ሲስተሯ። ሌላ ነገር አላለችም። እቴቴ የወንበሩን ክንድ ለቀቁት።

አክታቸው ላይም ባክቴሪያው ተገኘ። መድኃኒቱን እንዳልለመደውም በመመርመሪያ መሣሪያ ታየ፤ የእኔው ዓይነት ኪኒን እንደሚሠራላቸው ተነገረን። ሊውጡ ሲሉ ፌስታላቸውን ፈትተው ኩባያቸውን አወጡ። «በጸበሉ ብውጠው ይከፋሻል?» አሏት። «በፈለጉት ይዋጡት እማማ፤ ብቻ እያየሁ ይዋጡት» አለች። እያየች ዋጡት። ቀጥዬ እኔ ዋጥኩ፤ እቴቴ አዩኝ። «አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ፤ ከፈትኩ። ሲስተሯ ያን ጊዜ ሳቀች።

እኔ ጋ ሲግናል መጥተው ተቀመጡ። ለአከራዬ አክስቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ነው አልኳት። ለሥራ ቦታ ብሮንካይት ነው አልኩ። ሲስተሯ ሥራ መመለስ ትችያለሽ እስክትለኝ ቤት ቆየሁ። ለማንም አልተናገርንም። ማታ መስኮቱን እንከፍታለን፤ አከራዬ በግቢው ስታልፍ፣ «ሌባ ልትጠሪብኝ ነው ወይስ እኚህን ሴትዮ በብርድ ልትጨርሻቸው ነው?» ትለኛለች። እቴቴ ከውስጥ፣ «ሌባው ቢመጣ ምን ሊያገኝ ነው?» ይላሉ። ጠዋት ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ክብደት ጨመርኩ። ሳሌ ጠፋ። የእሳቸውም አክታ ነፃ ሆነ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳያስቡት ይመስላል ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ፤ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። አፌን ከፈትኩ። አጎረሱኝ።

ሕክምናቸውን ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው እቴቴ አረፉ። በሽታው ጠፍቶላቸው ነበር፤ ግን ሳንባቸው ለዓመታት ተበልቶ ጠባሳ ብቻ ቀርቶት እንደነበር ሐኪሙ ነገረኝ። ጉንፋን የሚመስል ነገር መጣና በቀናት ውስጥ ወሰዳቸው። እንጦጦ ተቀበሩ።

ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ምን ሆነው ነው ይላል። «ሳንባቸውን» እላለሁ። «ብርድ ነው» ይላሉ። ለአስተዛዛኝ እጅ እያስታጠብኩ ሳለ የእቴቴ ጎረቤት ከአከራዬ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

«መስኮት ከፍታ ነበር አሉ የምታሳድራቸው።»

«በዓይኔ ያየሁት ነው። በዝናብ እንኳ።»

«ከልጅነቷ ጀምሮ ብርድ አይንካት ብለው መስኮት ወትፈው ያሳደጓትን። ወይ ጉድ።»

ውሃውን አፈሰስኩላቸው፤ እጃቸውን ታጠቡ። መናገር እችል ነበር። አንድ ቃል በቂ ነበር። ግን ያን ቃል እቴቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚህ ሰፈር ደብቀውታል፤ እኔ በቀብራቸው ማግስት አውጥቼ ልሰጣቸው አልቻልኩም። ስለዚህ አክስቷን በብርድ የገደለች ልጅ ሆኜ ቀረሁ። አልከፋኝም ብል ትታዘቡኝ ይሆናል፤ ግን ለመከፋት የሚያስፈልገው ነገር በዚያን ጊዜ ውስጤ አልነበረም።

ስድስቱን ወር ጨርሼ ዳንኩ። ይህን ለምን እንደምጽፍላችሁ ልንገራችሁ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዝጊ የምትሏት ሴት ምክንያቷን ልትነግራችሁ የማትችል ልትሆን ትችላለች። ብትነግራችሁ ትወርዳላችሁ፤ ባትነግራችሁ ትቆጣላችሁ። እኔ ስለ በሽታው ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ የለወጠኝ ይህ ነው፦ ሰው ሰውን በፍቅር ሲጠብቅ የቱን በር እንደዘጋና የቱን እንደከፈተ ማወቅ አለበት። እቴቴ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ መስኮቱን በአንድ ቀን ይከፍቱት ነበር፤ አይቻቸዋለሁ። የሚነግራቸው ሰው እንዳያገኙ ያደረጋቸው ግን ዝምታቸው ነው። ያን ዝምታ ደግሞ እኔ ወርሼ ዓመታት ተሸከምኩት።

ባለፈው ዓመት ነው የተውኩት። ትምህርት ቤታችን ሰናይት የምትባል ወጣት መምህርት አለች። ቀልደኛ ነበረች፤ የሻይ ሰዓት ላይ ሳቋ ግቢው ድረስ ይሰማል። አንድ ሰሞን ጠፍታ ቆየችና ከስታ ተመለሰች። ሻይ ቤቱን ትታ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ መቀመጥ ጀመረች። መምህራኑ «ሰናይት ኮራች» ማለት ጀምረዋል። አንድ ቀን ከቦርሳዋ ፔርሙስና በፌስታል የተጠቀለለ ኩባያ ስታወጣ አየኋት። ጠጥታ፣ ለብቻዋ አጥባ፣ መልሳ ጠቀለለችው።

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩት።

«ብርድ አይመታዎትም፣ እትዬ ዘነቡ?» አለችኝ።

«አይመታኝም።» አጠገቧ ተቀመጥኩ። «መድኃኒቱን ጀመርሽ?»

የምን መድኃኒት አላለችም። ኩባያዋን ታያለች። «ሁለተኛ ወሩን ይዣለሁ። አሁን አታስተላልፊም ብለውኛል፤ ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ኩባያው ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እንጃ» አለች። «ሲስተሯ አያስፈልግም ብላኛለች። ግን አንድ ነገር ካላደረግኩ ለእናንተ የማላስብ ይመስለኛል።»

ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። አፉ ሰማያዊ የሆነው ነጭ ኩባያ እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ ከትምህርት ቤቱ ሰው ማንም አይቶት አያውቅም። አምጥቼ ከፔርሙሷ ሻይ ቀዳሁበትና ፊቷ ጠጣሁ።

«ይሄ የማን ነው?» አለችኝ።

«የአክስቴ ነው» አልኳት። «እኔንም ይዞኝ ነበር።»

ከዚያ ከተወተፈው መስኮት ጀምሬ ነገርኳት።